«ስሙ ይመሰክራል» ለሚሉ፦ በአንታርክቲካ ዳርቻ «አገኘው» ማለት ምንድን ነው?

በምሥራቅ አንታርክቲካ ቶተን የሚባል ግዙፍ ግግር በረዶ አለ። ሞቅ ያለ የባሕር ውኃ ከሥሩ እየገባ እንደሚያቀልጠው ከታወቀ ወዲህ ስሙ በዜና ይነሣል፤ በተነሣ ቁጥር ደግሞ አንድ ስሕተት አብሮት ይመጣል። ሰሞኑን ጽሑፉን ያነበብኩለት አንድ ተንታኝ «ግግር በረዶውን ያገኘው ቶተን ነው፤ ስሙ ይመሰክራል» ብሎ ደመደመ። ይህን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ ቆጥሬ አልጨርስም። ዕድሜውን በካርታ ሥራ ላይ ላሳለፈ ሰው በዝምታ ማለፍ ይከብዳል።

ስሙ እንዲህ ያለ ነገር አይመሰክርም። ጆርጅ ቶተን ከ1838 እስከ 1842 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቻርልስ ዊልክስ በተመራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአሰሳ ጉዞ የተሳተፈ፣ ማዕረጉ ገና ዝቅ ያለ ወጣት መኮንን ነበር። ስሙ የታወሰለት ዊልክስን የቅየሳ ስሌቶቹን በማረም ስለረዳው ነው። ዊልክስም በ1840 በዚያ አቅጣጫ ያየውን ከፍተኛ ምድር በእርሱ ስም ጠራው። ዛሬ ቶተን የምንለው ግግር በረዶ ግን ቅርጹ ተለይቶ ካርታ ላይ የሰፈረው አሜሪካውያን በ1946 እና በ1947 ከአውሮፕላን ካነሧቸው ፎቶግራፎች ነው፤ ስሙንም የሰጠው የአሜሪካ የስያሜ ኮሚቴ ነው። በመካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አለ። እኔ በበኩሌ ስሌት ላረመ ሰው ይህን የሚያህል መታሰቢያ መሰጠቱ ደስ ያሰኘኛል። ያላደረገውን አደረገ ማለት ግን ክብሩን አይጨምርለትም።

«አገኘ» የሚለው ግሥ በአንታርክቲካ ጉዳይ ቢያንስ አራት ሥራዎችን በአንድ ላይ ያዳፍናል፦ ማየት፣ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ መለካት፣ ቅርጹን በካርታ ማንሣት፣ ስም ማውጣት። አራቱንም አንድ ሰው የሠራበት ቦታ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኞቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሌላው መቃብር ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ የተወለዱ ናቸው።

ክርስትና ሲነሣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሕፃኑን ከሁሉ አስቀድማ የምታየው አዋላጇ ናት። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም የሚሰጠው ካህኑ ነው። አቅፎ የሚቀበለው የክርስትና አባት ሌላ ሰው ነው። በሚካኤል ዕለት ተወልዶ ገብረ ሚካኤል የተባለውን ልጅ ደግሞ «አባቱ ሚካኤል ነው፤ ስሙ ይመሰክራል» የሚል አንድም ሰው የለም። ለሕፃን የማናደርገውን ለግግር በረዶ ለምን እናደርገዋለን?

የአዋላጇን ማንነት ማወቅ እንኳን ቀላል አይደለም። ጀምስ ኩክ በ1774 ከ71 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ አልፎ ቢሄድም ዋናውን ምድር ሳያይ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1820 መጨረሻ የሩሲያ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ቤሊንግስሃውዘን ዛሬ የልዕልት ማርታ ጠረፍ በሚባለው በኩል የተዘረጋ የበረዶ ጠርዝ አየ። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 30፣ የብሪታንያው ኤድዋርድ ብራንስፊልድ ከዚያ እጅግ በራቀው በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ ምድር (ከአህጉሩ ወደ ሰሜን በተዘረጋው ረጅም መሬት) ጫፍ ላይ ተራሮችን አየ። «ሁለት ወይም ሦስት» ያልኩት ሩሲያውያኑ የሚጽፉት በጁሊያን አቆጣጠር ስለነበረና የመርከብ ቀንም ከቀትር እስከ ቀትር ስለሚቆጠር ነው። በእነርሱ መዝገብ ጃንዋሪ 16 የተባለው ቀን 27 ነው ወይስ 28 በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ የሚኖር የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

እኔን ግን ከቀኑ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለቱ ያዩት ነገር ልዩነት ነው። ብራንስፊልድ ያየው ተራራ ነው። ቤሊንግስሃውዘን ያየው ከምድሩ ተነሥቶ ባሕር ላይ የተንሳፈፈ፣ ከታቹ ውኃ ያለበት በረዶ ነው። የአንታርክቲካ ዙሪያ በአብዛኛው በረዶ እንጂ ዓለት አይደለም፤ ስለዚህ በካርታ ሥራ ሁለት መስመሮችን መለየት ግድ ይሆናል። አንደኛው ተንሳፋፊው በረዶ የሚያበቃበት፣ መርከበኛ በዓይኑ የሚያየው ጠርዝ ነው። ሁለተኛው በረዶው ከዓለቱ ተላቅቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ነው፤ እርሱም በብዙ መቶ ሜትር በረዶ ሥር ስለሚገኝ በዓይን አይታይም። ዛሬ የምንደርስበት፣ ተንሳፋፊው ክፍል በባሕሩ ማዕበል ሙላትና ጉድለት ከፍና ዝቅ ሲል ሳተላይቶች በራዳር ስለሚለኩት ነው። እንግዲህ «ዳርቻውን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «የትኛውን ዳርቻ?» ብለን ሳንጠይቅ ልንመልስለት አንችልም።

ማየት ደግሞ ራሱ ያሳስታል። ጀምስ ክላርክ ሮስ በ1841 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ደሴት አየ፤ ሁለቱን ታላላቅ ተራሮች በመርከቦቹ ስም ኤሬበስና ቴረር አላቸው፤ አጠገባቸው ያለውን የባሕር ክፍል በቴረር መርከብ ላይ ባገለገለው በመኮንኑ በማክመርዶ ስም ጠራው። እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ወደ ደቡብ ሲመለከት ሌላ የተራራ ሰንሰለት ታየውና የፓሪ ተራሮች ብሎ በካርታው ላይ አሰፈረ። ከ1901 እስከ 1904 የዘለቀው የሮበርት ስኮት ጉዞ እዚያ ተራራ እንደሌለ አረጋገጠ። ያልተወለደ ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ይኸው ሮስ ደግሞ ዊልክስ ምድር ብሎ ካመለከተው ቦታ አንዱን በመርከብ አቋርጦ አልፏል። በዚያ አካባቢ ቀዝቃዛው አየር ብርሃንን ስለሚያጎብጠው ከአድማስ በታች ያለ በረዶ ተነሥቶ ቅርብ ተራራ ይመስላል። ሰዎቹ ዋሽተዋል ለማለት የሚቸኩል ሁሉ አንድ ማለዳ እዚያ መርከብ ላይ ቢቆም ኖሮ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

አውሮፕላን ሲመጣም ችግሩ አልተወገደም። ሁበርት ዊልኪንስ በዲሴምበር 1928 በባሕረ ገቡ ምድር ላይ በረረና መሬቱ በወሽመጦች የተቆራረጠ ነው ብሎ ስሞችን አወጣላቸው። ከ1934 እስከ 1937 በጆን ራይሚል የተመራው የብሪታንያ ቡድን በውሻ በሚጎተቱ መንሸራተቻዎች እየተጓዘ ሲያጣራ መሬቱ አንድ ወጥ ሆኖ ተገኘ። ዊልኪንስ ኬሲ ብሎ የሰየመው ወሽመጥ ግግር በረዶ ነበር፤ አሁንም ኬሲ ግግር በረዶ ይባላል። ይህ ሰው ግን በአንድ በረራ ስለተሳሳተ ብቻ ሊናቅ አይገባውም። ዣን ባፕቲስት ሻርኮ በ1910 በረዶ ከልክሎት ከሩቅ ብቻ ያየውን ምድር የዋናው አህጉር ክፍል መስሎት የሻርኮ ምድር ብሎት ነበር፤ በ1929 መጨረሻ ዙሪያውን በርሮ ደሴት መሆኑን ያሳየው ዊልኪንስ ነው። እዚህም ላይ ተንታኙ ልብ ይበል፦ ደሴቱ ሻርኮ የተባለው ባየው ሰው ስም አይደለም። ስሙ የአባቱ፣ የታዋቂው ሐኪም የዣን ማርተን ሻርኮ መታሰቢያ ነው። አባትየው አንታርክቲካን አይቶ አያውቅም።

«እንግዲያው ፎቶግራፍ ያነሣው አገኘው እንበል» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ፎቶግራፍ ካርታ አይደለም። ፎቶግራፉ የዳርቻውን ጎንና ጎን ያሳያል እንጂ ዳርቻው በምድር ላይ የት እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገሩት አንድ ሰው መሬት ላይ ቆሞ በፀሐይ ወይም በከዋክብት ለክቶ ቦታቸውን ያወቃቸው የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ናቸው። ቶተንን ያሳየን የ1946 እና 1947 ታላቅ የአሜሪካ ዘመቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶግራፎች ሰበሰበ፤ አብዛኞቹ ግን የሚያያዙበት ነጥብ አልነበራቸውም። በቀጣዩ የደቡብ በጋ ሌላ ቡድን በሄሊኮፕተር ዓለት ላይ እያረፈ ነጥብ እንዲለካ የተላከው በዚህ ምክንያት ነው። በ1938 እና 1939 የተላኩት ጀርመኖችም ከ11,000 በላይ ፎቶግራፎች ይዘው ተመልሰው በዚሁ ችግር ተጠምደዋል፤ ከሰጧቸው ስሞች አንዳንዶቹ በየትኛው ተራራ ላይ እንደሚያርፉ በኋላ መለየት አስቸግሯል። ወታደሩና አውሮፕላኑ ሲወደስ፣ ብርድ ላይ ቆሞ የፀሐይን ከፍታ የለካው ቀያሽ ሳይጠቀስ መቅረቱ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሁሉም ነገር በአንድ ቦታ የሚታየው በአሌክሳንደር ደሴት ነው። በጃንዋሪ 1821 ያየው ቤሊንግስሃውዘን ነው፤ የሰየመውም በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ አሌክሳንደር ስም፣ «ምድር» ብሎ ነው። ደሴት መሆኑ የታወቀው ከ120 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ በ1940 ፊን ሮኔና ካርል ኤክሉንድ በመንሸራተቻ ተጉዘው ከዋናው ምድር የሚለየውን ወሽመጥ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ይኸው ሮኔ በ1947 እና 1948 የራሱን ጉዞ አደራጅቶ የደሴቱን ዳርቻ ከአየር አስነሣ። ፎቶግራፎቹን ወስዶ በ1960 ካርታውን ያዘጋጀው ዴሪክ ሰርል የተባለ የብሪታንያ ቡድን ቀያሽ ነው። ከዚያም የብሪታንያ የስያሜ ኮሚቴ በዚያ አካባቢ ላሉ ቦታዎች የሙዚቃ ደራሲዎችን ስም መረጠ። ደቡብ ምዕራባዊው ክፍል የቤትሆቨን ባሕረ ገብ ምድር ሆነ፤ አጠገቡ የተንሳፈፈው በረዶ የባክን ስም ያዘ። «ስሙ ይመሰክራል» የሚለው ሕግ እውነት ከሆነ አንታርክቲካን ካገኙት አንዱ በ1827 ቪየና ውስጥ የሞተው ቤትሆቨን ነው።

ኮሚቴው እንዲህ በየዘርፉ እየመደበ መሰየሙን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ አልነቅፍም። በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስም የለሽ ቦታዎች ከፎቶግራፍ ሲወጡ፣ ስሞቹ እንዳይደጋገሙና አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። በባሕረ ገቡ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ ፎቶግራፍን ለካርታ ሥራ ያዋሉት ሰዎች በዚሁ መንገድ ታስበዋል፤ ፈረንሳዊው ኤሜ ሎሴዳ አንዱ ነው። ካርታው የተሠራው እነርሱ በፈለሰፉት ጥበብ ነውና ይገባቸዋል።

ተንታኙ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ስም ያወጣ አገር የባለቤትነት ማስረጃ አለው» ሲል ጨምሯል። ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት የከፋ ነው። በ1959 የተፈረመውና በ1961 ሥራ ላይ የዋለው የአንታርክቲካ ውል በአራተኛው አንቀጹ፣ ውሉ ጸንቶ እስካለ ድረስ የሚደረግ ማንኛውም ድርጊት የግዛት ጥያቄን ሊደግፍም ሊያፈርስም እንደማይችል ይደነግጋል። እርግጥ ነው፣ መንግሥታት ስም ሲያወጡ ልባቸው ንጹሕ ነበር አልልም። ባሕረ ገቡን ምድር እንግሊዞች ግሬየም፣ አሜሪካውያን ፓልመር፣ ቺሊያውያን ኦሂጊንስ፣ አርጀንቲናውያን ሳን ማርቲን እያሉ ኖረዋል። በ1964 የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ጠቅላላውን የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ ምድር ብለው፣ ግሬየምን ለሰሜኑ፣ ፓልመርን ለደቡቡ ክፍል አድርገው ተስማሙ። ብሪታንያ የንጉሥ ጆርጅ ደሴት የምትለው ለአርጀንቲና ሜይ 25፣ ለሩሲያ ዋተርሉ ነው። እናቱ በአንድ ስም፣ አያቱ በሌላ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ እንደምትጠራው ልጅ ነው። ዓለም አቀፉ የአንታርክቲካ ሳይንሳዊ ኮሚቴ ያዘጋጀው የስሞች መዝገብ ከ30,000 በላይ ስሞችን ሲይዝ ለአንድ ቦታ የተሰጡትን ሁሉንም ጎን ለጎን ያኖራል፤ አይዳኝም።

የክርስትናው ምሳሌ የማይሠራበት አንድ ቦታ ግን አለ። ሕፃን ካደገም በኋላ ያው ሰው ነው፤ የበረዶ ዳርቻ ግን ተቆርሶ ይሄዳል። ስኮት በ1902 በሮስ በረዶ ጠርዝ ላይ ካገኘው ጠባብ ገባ ያለ ቦታ አጠገብ በባሉን ወደ ሰማይ ወጥቶ አካባቢውን ቃኝቶ ነበር። ኧርነስት ሻክልተን በ1908 ሲመለስ ያ ቦታ የለም፤ ጠርዙ ተሰብሮ ሰፊ ወሽመጥ ሆኗል፤ ብዙ ዓሣ ነባሪዎች ስላየበት የዓሣ ነባሪዎች ወሽመጥ አለው። ሮአልድ አሙንድሰን በ1911 ክረምቱን ያሳለፈውና ወደ ዋልታው የተነሣው ከዚያ ነው። በ1987 ርዝመቱ 154 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የበረዶ ጋራ ተገንጥሎ ሲሄድ ወሽመጡም አብሮ ጠፋ። የዚያ ጋራ ስባሪ ከ20 ዓመት በላይ በምሥራቅ ዳርቻ ሲንሳፈፍ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2010 ከሜርትስ ግግር በረዶ ወደ ባሕር የወጣውን ረጅም ምላስ መታው፤ 78 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቁራጭም ተቆረሰ። ሜርትስ በጃንዋሪ 1913 ከጉዞው መሪ ከዳግላስ ሞውሰን ጋር ሲጓዝ የሞተ ሰው ነው፤ ሞውሰን በስሙ የጠራው ለመታሰቢያው ነው። ከ2010 በኋላ የዚያ ዳርቻ መስመር እንደገና ተሥሏል። የዓሣ ነባሪዎች ወሽመጥም ሆነ የሜርትስ ስም ግን ከመዝገቡ አልተፋቁም።