ፎርድላንዲያ ምንድን ናት? እስቲ ስለ ፈንገሱ እናውራ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፎርድላንዲያ ማለት ፈረንጅ የሰው ባህል ሳያውቅ ከተማ ሲሠራ የሚገጥመው ውድቀት ነው» ብሎ ጽፎ አየሁ። ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ወንድሜ፣ የላስቲክ ዛፎቹን የጨረሰው ፈንገስስ?

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ ለመኪና ጎማ የራሱን ላስቲክ ፈልጎ በ1928 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ብራዚል ውስጥ ታፓዦስ ወንዝ ዳር ጫካ አስመንጥሮ የላስቲክ ዛፍ እርሻና ፎርድላንዲያ የተባለች ከተማ ቆረቆረ። ሆስፒታል፣ የአሜሪካ ዓይነት ቤቶች፣ መጠጥ ክልክል። በ1930 መጨረሻ ሠራተኞቹ በምግብ አዳራሹ ነገር ተነሱና ያገኙትን ሰባበሩ። ሰው የሚወደው ይቺን ክፍል ነው። ግን ከረብሻው በኋላ ከተማዋ ተጠግና ሥራዋን ቀጥላለች። ያላገገመው የላስቲክ ዛፉ ነው።

«ዛፉ የአማዞን ተወላጅ አይደል እንዴ፣ አገሩ ላይ እንዴት እምቢ ይላል?» ይሉኛል። አገሩ ስለሆነ ነዋ! ጠላቱም፣ ቅጠሉን የሚያሳምመው ፈንገስ፣ እዚያው ነው የተወለደው። ጫካ ውስጥ በአንድ ሄክታር የሚገኘው የላስቲክ ዛፍ ጥቂት ነው፤ መሃሉን ሌላ ዛፍ ስለሚሞላው በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ መድረስ ይቸግረዋል። ፎርድ ግን አጠጋግቶ በመስመር ተከላቸው።

ጉንፋን የያዘው ሰው ሜዳ ላይ ቢያስነጥስ ግድ የለም። እሱኑ ሚኒባስ ውስጥ አስቡት፤ ክረምት ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ረዳቱ ትርፍ ጭኗል። እስያስ ለምን ተሳካ? እንግሊዛዊው ሄንሪ ዊክሃም በ1876 የላስቲክ ዛፉን ዘር ወደ እንግሊዝ ሲወስድ በሽታው አልተከተለውም፤ ዛፉ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) እና ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ አካል) የገባው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱም ትርፍ ጭነዋል፣ ግን በሽተኛው መናኸሪያ ቀርቷል። የኛ ቡናም ብራዚል ሄዶ እስከ 1970 የቅጠል ዋግ ሳያገኘው የኖረው እንዲሁ ነው።

ደግሞ ፈንገሱ ዛፉን ባንዴ አይገድለውም። የሚያጠቃው ለጋውን ቅጠል ነው። ዛፉ ያራግፋል፣ እንደገና ያወጣል፣ እንደገና ይበላበታል፤ እንዲህ እያለ አቅሙ ያልቃል።

በ1934 ቤልቴራ የምትባል ሁለተኛ እርሻ ጀመሩ፤ በሽታ የሚችል ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ እየቀጠሉ ታገሉ። አልበቃም። ሰው ሠራሽ ላስቲክም መጣ። በ1945 ሁለቱንም ለብራዚል መንግሥት በ250,000 ዶላር ገደማ ለቀቁ፤ ኪሳራው ወደ 20 ሚሊዮን ነበር። ፎርድ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አላያትም።

«የሙት ከተማ» የምትሏትም ተዉ፣ እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባታል።