ብርድ ሸሽቶ ቁልቁል፦ የወሎ በጋ እና የሐይቅ ጀልባ

ወሎ ውስጥ ሙቀት የሚፈለገው ቁልቁል ነው። ደሴ ላይ ጋቢ ደራርቦ ያደረ ሰው ጠዋት ሚኒባስ ይይዛል። የሀረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ይወርድና ኮምቦልቻ ላይ ጃኬቱን ያወልቃል። ከሚሴ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ደገኛው እንዲህ ወደ ሞቃት ሰፈር ብቅ የሚልበት ጉዞ የራሱ ስም የለውም። «ትንሽ ልሙቅ» ተብሎ ይወጣል፣ በቃ።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ፈረንጅ ብርዱን ወቅት የሚጠራበትን ቃል እኛ «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። ወሎ ላይ ይህ ትርጉም ያሳስታል። ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው። አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ቁር ግን የሚመጣው በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። በበጋ ሌሊት ያ ልብስ ይገፈፋል። አየሩም ደረቅ ስለሆነ መሬቱ ቀን የጠጣው የፀሐይ ሙቀት በቀላሉ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው፤ ከተራራው ወደ ጎድጓዳው እየተንሸራተተ ይተኛል። ለዚህ ነው ማለዳ ላይ ሜዳው ነጭ ውርጭ ለብሶ የሚገኘው። ገበሬው ውርጭን ከበረዶ እኩል ይፈራዋል፤ ያልደረሰ ባቄላና ጓያ በአንድ ሌሊት ያጠቁራልና።

ደሴ በዚህ በኩል ዕድለኛ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ያም ሆኖ የተቀመጠችው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በምሥራቅ አዝዋ ገደል ፀሐይዋን ያዘገይባታል፣ በምዕራብ የጦሳ ተራራ ቶሎ ይወስድባታል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ ደሴ ውስጥ ሥራ ፈትነት አይደለም። ደሴ ይህን ያህል ከሆነች ጉጉፍቱን፣ ደላንታንና ዋድላን ማሰብ ነው። ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው ሰው ደሴን ራሷን «ሞቃት» ቢላት አይፈረድበትም።

አየር ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። ከሚሴ፣ ባቲና ቆቦ ሦስቱም 1,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ከደሴ ወደ ከሚሴ የሚወርድ ሰው በሁለት ሰዓት የሚያገኘውን የሙቀት ለውጥ፣ ሜዳማ አገር ላይ ለማግኘት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ መጓዝ ይጠይቃል። አውሮፓውያን ይህን ቁልቁለት ስላላገኙ ነው መሰለኝ መርከብ የያዙት። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለች የጀርመን መርከብ 241 መንገደኞች ይዛ ከኩክስሃቨን ወደ ሜዲትራኒያን ተነሣች። በብርዱ ወራት አትላንቲክን የሚያቋርጥ መንገደኛ ስለሚቀንስ መርከቧ ያለሥራ እንዳትቆም የታሰበ መላ ነበር። ዛሬ በታኅሣሥና በጥር ካሪቢያንን የሚያጨናንቁት የሽርሽር መርከቦች የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጆች ናቸው።

የወሎ ደገኛ ግን ቆላን ለመዝናኛ ማሰብ የጀመረው በቅርብ ነው። ድሮ ቆላ መውረድ ማለት ንዳድ ነበር፤ ዛሬ ወባ የምንለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ያቆረው ውሃ ለወባ ትንኝ ይመቻታል። ብርዱ ሰው የሚያባርርበትና ቆላው የሚያሳምምበት ጊዜ በከፊል ይገጣጠማል ማለት ነው። ነጋዴው ወርዶ ገበያውን ጨርሶ ቶሎ ወደ ደጋው ይመለስ የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬም ከሚሴ ወይም ባቲ የሚያድር ሰው አጎበር ካለበት አልጋ ቢይዝ ይሻለዋል።

በእውነቱ የአየሩን ፀባይ አይቶ መጓዝን ከከተሜው በፊት የተካኑት አርብቶ አደሮች ናቸው። ከሚሴ አጠገብ ያለውና የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ለምለም ሆኖ ይቆያል። የአፋር፣ የአርጎባና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ደረቁ ወቅት ሲመጣ መንጋቸውን ወደዚያ ይነዳሉ። እነሱ የሚፈልጉት ሣርና ውሃ ነው፣ የደሴው ሰው ሙቀት። ጨፋ ለሁለቱም አላት።

ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ባቲ ያደርሳል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቲ የሚኬደው ሰኞ ነው፤ ገበያው ሰኞ ነውና። ግመል፣ ፍየል፣ ጨው፣ ቡና፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። በሌላ ቀን የሄደ ሰው ፀሐዩን ብቻ ሞቆ ይመለሳል። በሰሜን ወሎ ደግሞ የላስታና የዋድላ ሰው ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ቆቦ ይወርዳል። ላሊበላ ላይ ገናን ውጭ ያደረ ሰው ይህን መውረድ እንዴት እንደሚናፍቅ ሳይነገረው ይገባዋል።

የእኔ ምርጫ ግን ሐይቅ የሚባለው ከተማ ነው። ሐይቅ ከሚሴን ያህል አይሞቅም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ወይና ደጋ ነው። ነገር ግን ጀልባ አለው። የወሎ ሰው ብርድ ሸሽቶ ውሃ ላይ ልንሸራሸር ካለ ያለው መርከብ ይኸው ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ መኪናው ቦሩ ሜዳን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ያ ሜዳ ማለዳ ላይ እጅ ያደነዝዛል። ከዚያ መንገዱ ወደ ተሁለደሬ ይወርዳል፣ አየሩ ይለዝባል፣ ውሃው ብቅ ይላል። ከተማውም ውሃውም ስማቸው «ሐይቅ» ነው፤ ሌላ ስም ያላስፈለገው ይመስላል። ውሃውን ሎጎ የሚሉትም አሉ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። መውጫ ወንዝ የለውም። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው ታናሹ አርዲቦ ሲሞላ ትርፉን በአንከርካ ወንዝ ይልክለታል።

ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በታኅሣሥ ማለዳ ሐይቁ በላዩ ካለው አየር ይሞቃል፤ እንደ ድስት እንፋሎት ሲያወጣ ይታያል። ያን ሰዓት ጀልባ ላይ መውጣት ያምራል ግን ይበርዳል። ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር መውጣት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ። ሰማንያ ሜትር ጥልቀት ላይ ዋና እችላለሁ ማለት አያዋጣም።

ጀልባው ብዙ ጊዜ የሚያመራው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግርም ይገባል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገዳሙን ካቋቋሙ በኋላ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈው ወንጌል ከጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ዳር ላይ ደርሶ ከመከፋት ይሻላል። የእስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 እና ጥር 1 ይከበራል። ጥር 1 ልክ በብርዱ ወራት መካከል ነው።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚወራም አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የቤተ መንግሥት ልጅ ግፍ ተፈጸመባት፣ ፈጣሪ ተቆጣና አገሩን ውሃ አደረገው፣ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ብቻ ተርፎ ደሴት ሆነ ይላሉ። ለተበደለች ሴት ተርፎ በነበረ መሬት ላይ ዛሬ ሴት አለመግባቷን ሳስብ ይገርመኛል።

ከጀልባ ሲወርዱ አሳ አለ። ቆሮሶ ተጠብሶ ከነአጥንቱ ከአዋዜ ጋር ይቀርባል። እዚህ ላይ የወቅቱ ክርክር ይነሣል። ከህዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። አሳ ይበላል የሚለውና አይበላም የሚለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሙስሊሙ ጓደኛቸው እየሳቀ «አብሽሩ፣ እኔ እጨርስላችኋለሁ» ይላቸዋል። ወሎ ነውና ማንም አይቀየምም። ከዚያ ቡናው ይመጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነው፣ ስለዚህ ሰዓት ይሄዳል።

ሰዓቱ መታየት ያለበት ግን ለዚህ ነው፦ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና እየሳሳ ይሄዳል። የመጨረሻው ሚኒባስ ከሐይቅ ሲነሣ መስኮቶቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ቦሩ ሜዳ ሳይደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ይጮኻል፦ «ኧረ ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋው!»