«ስሩ» ምንድን ነው? የላፕቶፕ ኤኮ እውነተኛ ሸክላ ላይ

የዲጄ ሶፍትዌር ላይ «ስሩ» የሚል ነገር ስታዩ ሥራ የታዘዛችሁ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ «በኩል አልፎ» እንደማለት። ማጫወቻው ላይ የሚዞረው ሸክላ ድምፁ በላፕቶፑ በኩል አልፎ ወደ ስፒከር ይሄዳል። እግረ መንገዱን ኤኮ (እየተመላለሰ የሚሰማ ድምፅ) ወይም ሪቨርብ (የትልቅ አዳራሽ ዓይነት ገደል ማሚቶ) ይጨመርበታል። ሴራቶ የሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር «ስሩ» ይለዋል፤ ትራክተር የሚባለው ደግሞ «ላይቭ ኢንፑት»። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ አንዳንድ መሣሪያ ላይ «ስሩ» ማለት ድምፁ ሶፍትዌሩን ሳይነካ ያልፋል ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ኢፌክቱን ብትከፍቱም ምንም አይሰማም።

እውነተኛ ሸክላ የምለው ሌላ ዓይነት ስላለ ነው። ዲጄዎች ከላፕቶፕ ጋር የሚጠቀሙበት፣ ዘፈን የሌለበት ሸክላ አለ። መርፌ ሲያርፍበት ፉጨት ብቻ ነው ያለው፤ የሴራቶው 1,000 ኸርዝ ነው። ሶፍትዌሩ ከፉጨቱ ሸክላው በምን ፍጥነትና ወደ የት እንደሚዞር ያውቃል። ዘፈኑን የሚያጫውተው ግን ከራሱ ፋይል ነው። ፋይሉን ቀድሞ ስለመረመረው ቢቱ (የዘፈኑ ምት) የት የት እንደሚያርፍ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ኤኮ መጨመር ምንም አይከብድም።

አሁን የአምሃ ሪከርድስን አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላ አስቀምጡ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የዚያን ጊዜ ባንድ አብሮ ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው ይፈጥናል። ላፕቶፑ ይህን ዘፈን ከዚህ በፊት አያውቀውም፤ እንደኛው ገና እየሰማው ነው። ስለዚህ ኤኮው ከከበሮው ጋር እንዲገጥም ፍጥነቱን እኛ ልንነግረው ይገባል። ከበሮውን እየሰማን አንዱን ቁልፍ መታ መታ እናደርጋለን፤ «ታፕ» የሚባለው ይህ ነው።

እኔ መጀመሪያ ላይ ዘፈኑ ሲጀምር አንዴ ታፕ አድርጌ እተወው ነበር። መሃል ላይ ኤኮው ከበሮውን እንደ ሰካራም ከኋላው ይከተለዋል። ነገሩ በሒሳብ ሲታይ እንዲህ ነው። በደቂቃ 120 ቢት ብላችሁ ከነገራችሁት ኤኮው በየ500 ሚሊ ሰከንዱ ይመለሳል። ከበሮ መቺው 124 ከደረሰ አንዱ ቢት 484 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ምላሽ 16 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ አራተኛው 64። 16ቱን ጆሮ ሊያልፈው ይችላል፤ 64ቱን ግን አዳራሹ በሙሉ ይሰማዋል። የማጫወቻውን ፒች (የሸክላውን ፍጥነት የሚቀይረውን) ስትነኩም ያው ነው፤ ሶፍትዌሩ መንካታችሁን አያውቅም።

ገመዱ ላይ ብዙም አልቆይም። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጥቂት ሚሊ ቮልት የሚለካ ነው። ሸክላም ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ነው። ይህን የሚያስተካክለው «ፎኖ» የሚባለው መግቢያ ነው። በስህተት «ላይን» ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦ ከረሳችሁ ደግሞ ዘፈኑ ሥር የማያቆም «እምምም» ይኖራል።

መዘግየት ግን ያስቸግራል። ላፕቶፕ ድምፅን በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጠ ነው የሚቀበለው። በሰከንድ በ44,100 ናሙና (ናሙና ማለት አንዷ የድምፅ ልኬት ናት)፣ አንዱ ቁራጭ 256 ናሙና ቢሆን ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ሲወጣም ሌላ ይጨምራል። ዘፈን ለሚያጫውት ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሸክላውን በእጁ ለሚፍቅ ግን እጁና ጆሮው ይለያዩበታል። ሚክሰራችሁ «ሴንድ» እና «ሪተርን» (ድምፁን ወደ ላፕቶፑ መላኪያና መመለሻ) ካለው የሚሻለው እሱ ነው፤ ዋናው ድምፅ በቀጥታ ይወጣል፣ ላፕቶፑ ኤኮውን ብቻ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌሩ ላይ ኢፌክቱን መቶ በመቶ አድርጉት። አለዚያ አንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ተፈናቅሎ ይወጣና ዘፋኙ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል።

የድሮ ሸክላ ላይ እንዲህ ማድረግ ድፍረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ኪንግስተን፣ ጃማይካ ውስጥ የድምፅ መሐንዲሱ ኪንግ ተቢ ላፕቶፕ ሳይኖር፣ በቴፕ ኤኮ የሠራው ሥራ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ሁሉም ቦታ ላይ ኤኮ መርጨት ግን እኔንም ያናድደኛል፤ ሳክስፎኑ ሶሎ ላይ በተለይ።

እኔ አሁን መጨረሻው ላይ ብቻ ነው የምጠቀመው። አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ እንደ አዲስ ታፕ አደርጋለሁ። ዘፋኙ የመጨረሻዋን ቃል ሲል ኤኮውን እከፍትና መርፌውን አነሳለሁ። ሸክላው ባዶውን ይዞራል፤ ቃሏ ግን አራት አምስት ጊዜ ተመላልሳ፣ እየሳሳች ትጠፋለች።