«ቢያን» ሲጨመር ፍቅር ይቀንሳል

ፈረንሳይኛ በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ እንደ ዳዊት የሚደገምልኝ አባባል አለ፦ «ተውሳከ ግስ ግሱን ያጠነክራል።» ተማሪዎቼ ይህን ያመጡት ከአማርኛው «በጣም» ሳይሆን አይቀርም። እኛ ዘንድ «በጣም እወድሃለሁ» ከ«እወድሃለሁ» ይበልጣል። ፈረንሳዮች ዘንድ ግን «ዠ ቴም» (እወድሻለሁ) ያለ ሰው ፍቅሩን ገለጠ፤ «ቢያን» (ደህና፣ በደንብ) ጨምሮ «ዠ ቴም ቢያን» ያለ ደግሞ «ጥሩ ሰው ነሽ፤ ሌላ ነገር ግን እንዳታስቢ» ማለቱ ነው። «ቦኩ» (ብዙ፣ በጣም) ቢጨምርበትም ነገሩ ያው የወዳጅነት ነው። ስለ ቡና ወይም ስለ ሙዚቃ ሲሆን ግን «ቦኩ» በእርግጥ ያበረታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ዠ ቬ ቢያን» ነው። አንድ ተማሪዬ ለትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ቀርቦ «ፈረንሳይ ሄደህ መማር ትፈልጋለህ?» ሲባል፣ ጉጉቱን ያሳየ መስሎት «ዠ ቬ ቢያን» ብሎ መለሰ። ከጠያቂዎቹ ጆሮ የደረሰው «እሺ፣ ካላችሁ ይሁን» የሚል ነበር። «ዠ ቬ» እፈልጋለሁ ነው፤ «ቢያን» ሲከተለው ግን መስማማት ብቻ ይሆናል። ሻይ ሲቀርብላችሁ በሉት፤ ስትመኙት ለኖራችሁት ነገር ግን «ዤምሬ ቦኩ» (በጣም ደስ ይለኛል) ይሻላል።

ይህን ስነግራቸው ደግሞ ደብተራቸው ላይ «ቢያን ያዳክማል» ብለው ይጽፋሉ። ማን አለ? «ኢል ትራቫይ ቢያን» የተባለ ሰው ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ዤ ቢያን ረሱ» ሲባል ደግሞ «በእርግጥ ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ «ቢያን»ን ለብቻው መሸምደዱን ትታችሁ ከየግሱ ጋር አጥኑት።

«የተውሳከ ግሱ ቦታ ለውጥ አያመጣም» ለሚሉ፦ «ፓ» አፍራሽ ቃል ነው፤ «ቱዡር» ደግሞ «ሁልጊዜ» ወይም «አሁንም» ነው። «ኢል ን ትራቫይ ፓ ቱዡር» ስንል ሰውየው የሚሠራበትም የማይሠራበትም ጊዜ አለ። «ቱዡር»ን ከ«ፓ» በፊት አምጥታችሁ «ኢል ን ትራቫይ ቱዡር ፓ» ካላችሁ ግን ሰውየው ዛሬም ሥራ የለውም። የተለወጠው የሁለት ቃላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

«ትሬ»ም «በጣም» ነው ብላችሁ ከግስ ጋር አታስኪዱት፤ «ዤም ትሬ» የሚባል ነገር የለም፤ «ዤም ቦኩ» በሉ።

«ሳን ዱት» ቃል በቃል «ያለ ጥርጥር» ስለሆነ ብዙዎች ቁርጥ ያለ ቃል ይመስላቸዋል። ፈረንሳዊ ባለዕዳችሁ «ነገ ሳን ዱት እከፍላለሁ» ካላችሁ «ሳልከፍል አልቀርም» ማለቱ ነው፤ ቁርጡን ከፈለጋችሁ «ሳን ኦኩን ዱት» አስብሉት።