ከገንዳው ዳር የቆሙት፦ የአማተር ውሃ ባሌት ሰዎች ከባሕር ዳር ሲታዩ

የውሃ ባሌት ዋናተኞች በሙዚቃ እየተመሩ ውሃ ላይና ውሃ ውስጥ እኩል የሚንቀሳቀሱበት ትርኢት ነው። የውድድሩ ዓይነት ዛሬ አርቲስቲክ ዋና ይባላል፤ ዳኛ፣ ነጥብና ሜዳሊያ አለው። የአማተሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ባለሱቁ ከሥራ መልስ ተሰባስበው ይለማመዳሉ። ከዚያ ለቤተሰብና ለጎረቤት ያሳያሉ። ደሞዝ የለም። እንዲያውም ከኪስ ይወጣል።

ነገሩ የጀመረው በትርኢት ነው፤ ስፖርትነቱ በኋላ የመጣ ነው። አውስትራሊያዊቷ አኔት ኬለርማን በልጅነቷ እግሯ ደካማ ስለነበር ማጠንከሪያ ይሆናት ዘንድ ዋና ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1907 ኒው ዮርክ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ትርኢት አሳይታ ሰውን ጉድ አሰኘች። በ1923 ደግሞ ካትሪን ከርቲስ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ባሌት ክበብ አቋቋመች። ልብ በሉ፣ የተማሪዎች ክበብ ነው። በ1934 የከርቲስ ዋናተኞች እዚያው ቺካጎ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቀረቡ። ኦሎምፒክ የገባው ግን ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። በትልልቅ ውድድሮች ለረጅም ጊዜ የሴቶች ብቻ ሆኖ ቆይቷል። በዓለም ሻምፒዮና ወንድና ሴት ተጣምረው ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት በ2015 በሩሲያዋ ካዛን ላይ ሲሆን፣ የፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ሕግ በአንድ ቡድን እስከ ሁለት ወንድ ፈቅዷል። የሰፈር ቡድን ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። የመጣ ይገባል።

ከሰዎቹ ሁሉ ዋናው፣ በእኔ ግምት፣ ቆጣሪው ነው። አሰልጣኝ ይባላል እንጂ ሥራው በአብዛኛው ቆጠራ ነው። እንቅስቃሴው በስምንት በስምንት ይከፈላል። «አንድ» ሲባል እጅ ይወጣል፣ «ሦስት» ሲባል ፊት ይዞራል፣ «አምስት» ሲባል ሁሉም ይጠልቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሲገባ ዘፈኑ ይጠፋል። ገንዘብ ያለው ቡድን ውሃ ውስጥ የሚሠራ ስፒከር ይገዛል። የሌለው አሰልጣኝ ማንኪያ ወይም ቁራጭ ብረት ይዞ ገንዳው ዳር ይንበረከክና የብረት መሰላሉን ይቀጠቅጣል። ቃ! ቃ! ቃ! ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል፤ ከአየር አራት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ምቱን ጥርት አድርገው ይሰማሉ። ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ግን ጆሮ አይለይም።

የእኛ ሙዚቃ ደግሞ ቆጣሪውን ይፈትነዋል። ችክችካ በስድስት ምት የሚዞር ነው። ዝም ብሎ በስምንት ልቁጠረው ያለ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ይጠፋዋል። መላው ግን አለ። እያንዳንዱን ስድስት እንደ ሁለት ትልልቅ ምት መያዝ ነው፤ አራት ዙር ሲሞላ ስምንት ይሆናል። ለመንሳፈፍና ክብ ለመሥራት ዝግ ያለ የትዝታ ዜማ ይመቻል። ጎጃምኛው ፈጣን ዘፈን ቢመጣም ይቻላል፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ።

ባሕር ዳር ላይ እስክስታ የሚወርድ ሰው ፈልጎ ማጣት የለም። ጎበዝ እስክስታ ወራጅ ግን ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግራ ይገባዋል። መሬት ላይ እግር ቆሞ ትከሻ ይሠራል። ውሃ ላይ እግር የሚቆምበት የለም፤ በውድድር ደግሞ የገንዳውን ወለል መንካት ክልክል ነው። ሁለቱ እግሮች በየተራ ክብ እየሠሩ ሰውየውን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። እጆች ከውሃ በታች ግራ ቀኝ እየገፉ ያግዛሉ። እጅ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሸክሙ በሙሉ እግር ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ትከሻ ልምታ ካሉ መስመጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እግር ይጠንክር፣ እስክስታው ይደርሳል። ጣና ዳር እየዋኙ ያደጉ ልጆች ውሃ አይፈሩም። የሚከብዳቸው ፍጥነቱን ትቶ ከጎን ካለው ጋር እኩል መሄዱ ነው።

ከልምምዱ ግማሹ የሚሠራው በደረቅ ነው። ዋናተኞቹ ገንዳው ዳር በባዶ እግራቸው ይደረደራሉ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ከንፈራቸው ቁጥር እያነበነበ፣ ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ይዘረጋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይከፍታሉ። እጆቹ በዚያ ሰዓት እጅ አይደሉም። በኋላ ተገልብጠው ከውሃ በላይ የሚያወጧቸው እግሮች ናቸው። ነገሩን የማያውቅ የሆቴል እንግዳ ቁርሱን እየበላ ቢያያቸው ምን ነካቸው ማለቱ አይቀርም።

ሆቴል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ጣና እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ሁሌም አለ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ዳርቻው ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀንድ አውጣ የሚያዛምተው ቢልሃርዚያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ሰልፍ አያስጠብቅም። ክረምት ላይ ወንዞቹ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ይደፈርሳል፤ አንዱ ዋናተኛ ሌላውን ከሥር ማየት አይችልም። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ አለ። ስለዚህ የሚቀረው የሆቴል ገንዳ ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዋና ባይችልም የቡድኑ ትልቅ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ማለዳ፣ እንግዳ ሳይነሳ፣ አንድ ሰዓት ከሰጠ ቡድን አለ። ካልሰጠ የለም። እኔ ቡድን ላቋቁም የሚል ሰው ቢያማክረኝ፣ ዋናተኛ ከመመዝገቡ በፊት ሥራ አስኪያጁን ቡና ጋብዘው እለዋለሁ።

ቀጥሎ ነፍስ አድኑ ነው። ትርኢቱ ውስጥ አይገባም፤ ሙዚቃውንም ባይሰማ ይሻላል። ሥራው ራስ መቁጠር ነው። ስምንት ጠልቀው ሰባት ከወጡ ዘሎ መግባት አለበት። ከፍታውም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አንድ ጊዜ በተሳበ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ የሚረዳ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። አደገኛ ነው። ሰውነት «ተንፍስ» የሚል ምልክት ሳይሰጥ ሰው እዚያው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ብቻን መለማመድም የለም።

ልብስ ሰፊዋ በአጭሩ፦ ጨርቁ የሚለጠጥ ይሁን፣ ጌጡ ይሰፋ እንጂ በማጣበቂያ አይያዝ፤ ክሎሪን ቶሎ ያበላሸዋል። ፀጉር ላይ በሌላው ዓለም ጄላቲን በሙቅ ውሃ በጥብጠው በብሩሽ ይቀቡታል። ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ቀዝቃዛ ገንዳ አያሟሟውም፣ በኋላ በሙቅ ሻወር ይለቃል። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናት። ሹሩባ ሠሪዋ ከቡድኑ ሰዎች ብትቆጠር አያንስባትም። የአፍንጫ መቆንጠጫው ግን አይቀርም፤ ተገልብጦ ለሚሠራ ሰው ያለ እሱ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫ ነው።

ታንኳስ? ለመድረክ ማስጌጫ የማያስበው የለም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከአገልግሎት በኋላ እየወጣ ይደርቃል። ገንዳ ውስጥ ከገባ ፍርፋሪው ማጣሪያውን ይደፍነውና ሥራ አስኪያጁ ያን አንድ ሰዓት መልሶ ይወስዳል። ገንዳው ዳር፣ መሬት ላይ ቢቀመጥ ግን ያምራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ተመልካቹን የት እናስቀምጠው የሚለው ነው። ክቡ፣ አበባው፣ ኮከቡ ሁሉ በደንብ የሚታየው ከላይ ነው። ገንዳው ዳር ወንበር ይዞ የተቀመጠ የክብር እንግዳ የሚያየው የራስ ቅልና ርጭት ነው። ፎቅ ላይ በረንዳ ያለው ሆቴል ከተገኘ ቤተሰቡን ወደዚያ ማውጣት ነው፤ አሰልጣኙም የመጨረሻውን ልምምድ ከዚያ ሆኖ ቢያይ የተጣመመውን መስመር ቶሎ ይይዘዋል። ማንኪያውን ግን ከታች ላለ ሰው አስረክቦ ይውጣ።