«ራስ ሳይጠና ጉተና»፦ እርግብግቢትን የሚያውቅ ተረት

አንዱ ወጣት የመጀመሪያ ሱቁን ኪራይ በወጉ መክፈል ሳይጀምር በሦስት ሰፈር «ቅርንጫፍ» የሚል ማስታወቂያ ሰቀለ እንበል። ጠና ያሉ አንዲት ጎረቤት ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላሉ። ሦስት ቃል ናት፤ ሰሚው ገብቶታል።

ተረቱ የሚነገረው መሠረቱ ሳይጸና ጌጡን ለሚያስቀድም ነው። ሁለት ግጥም ጽፎ ባለቅኔ ነኝ ለሚል፣ ደመወዝ መቁጠር ሳይለምድ በብድር መኪና ለሚያዝ፣ ከአባቱ ጉልበት ሳይላቀቅ በሽማግሌ ጉባኤ መሐል ቃል ለሚያሰማ። አንዳንዶች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ከሚለው ጋር አንድ ያደርጉታል፤ አንድ አይደሉም። ያችኛዋ በመጎምጀቷ በእጇ ያለውን አጥታለች። የጉተናው ሰው ግን ምንም አልጣለም፤ ጥፋቱ ጊዜውን አለመጠበቁ ብቻ ነው። ተረቱ ጉተናን አይነቅፍም። «ሳይጠና» አለ እንጂ «የማይጠና» አላለም፤ «ሳይ» የምትለዋ ቅጥያ፣ ራስ አንድ ቀን እንደሚጠና አምናለች።

ጉተና ምን እንደሆነ ለማያውቅ የዛሬ ልጅ፦ ሳይላጭ አድጎ፣ ተበጥሮና ጎፍሮ የቆመ ጠጉር ነው። በድሮው ልማድ የሕፃን ራስ ይላጫል፤ እንደየአገሩ ለወንዱ ቁንጮ፣ ለሴቷ ጋሜ ይተውላቸዋል። ጉተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ልጁ ሲጎለምስ ነው። ጉተና ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። ሚዶ ይገባበታል፣ ይጎተታል፣ ቅቤ ይታሻል፣ እጅ አናት ላይ ይበረታል። እኔ እንደሚመስለኝ የተረቱ ሥዕል የተወሰደው ከዚህ ነው፦ ጨቅላ የታቀፈች እናት ይህን ሁሉ በልጇ አናት ላይ ለማድረግ እጇ አይደፍርም። ምክንያቱም እዚያ ቦታ ላይ አጥንት የለም።

ቦታው እርግብግቢት ይባላል። ከስሙ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም፤ ስለሚርገበገብ ነው እንዲህ የተባለው። የልብ ምት በአንጎል ደም ሥሮች በኩል ደርሶ ስሱን ሽፋን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው በዓይን ይታያል፤ ጤናማ ነገር ነው። ሽፋኑም እንደምንፈራው አይደለም፤ ጠንካራ ስለሆነ ጠጉር በማጠብ ወይም በዳበሳ አይጎዳም።

የአዋቂ ሰው የራስ ቅል 22 አጥንቶች አሉት፤ 8ቱ አንጎልን ያቅፋሉ፣ 14ቱ ፊትን ይሠራሉ። (የራስ «ቅል» ያልነውም በከንቱ አይመስለኝም። ቅልም ለጋ ሳለ ጥፍር ይገባበታል፣ ሲደርቅ ውሃ ይይዛል።) በጨቅላው ላይ ግን እነዚያ አጥንቶች ገና አልተገጣጠሙም። በመካከላቸው ስፌት የሚመስሉ ለስላሳ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ በሚገናኙበት ደግሞ ክፍት ቦታ ይቀራል። ሲወለድ ስድስት ናቸው፤ በእጅ በቀላሉ የሚገኙት ሁለቱ ናቸው። ከግንባር በላይ ያለው ትልቁ፣ አራት ማዕዘን የሆነው፣ ብዙውን ጊዜ በ18 ወር ገደማ ይገጥማል፤ ከኋላ ያለው ትንሹ ባለ ሦስት ማዕዘን በሁለት ወር ገደማ። ከልጅ ልጅ ግን ይለያያል።

ይህ ልልነት ጉድለት ይመስላል፤ አይደለም። በምጥ ጊዜ አጥንቶቹ ትንሽ ተደራርበው ራሱ በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። የአራስ ልጅ ራስ ሞጥሞጥ ብሎ መወለዱና በቀናት ውስጥ መስተካከሉ ከዚህ ነው። አዋላጇም በጣቷ ስፌቱንና እርግብግቢቱን ዳስሳ ሕፃኑ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ታውቃለች። ከተወለደ በኋላ ደግሞ አንጎሉ ቦታ ይፈልጋል፦ የራሱ ዙሪያ ሲወለድ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው በአንድ ዓመቱ 46 ገደማ ይደርሳል። ስፌቶቹ ቀድመው ከተጣበቁ ራሱ ቅርጹን ይስታል፤ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ሐኪም እርግብግቢትን እንደ መስኮት ያየዋል። ሕፃኑ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ሳያለቅስ መታየት አለበት፤ ሲያለቅስ መነፋቱ የተለመደ ነው። ተረጋግቶም ተወጥሮ ካበጠ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ማጅራት ገትር ያስጠረጥራል። በትልቅ ሰው ማጅራት ይደርቃል፤ በጨቅላ ላይ ግን አንገቱ ላይደርቅ ይችላልና እርግብግቢቱ ቀድሞ ይናገራል። ትኩሳት ሳይኖር ራሱ ከልክ በላይ እየሰፋ ከሄደ ውስጡ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ያለበት ልጅ እርግብግቢቱ ሲሰረጉድ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። ቅቤ ማድረግ የሰረጎደውን አይመልሰውም፤ ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥር) እና ጤና ጣቢያ ነው የሚያስፈልገው። ጊዜው አልፎ ክፍት መቆየቱም መልእክት አለው፦ አንዱ ምክንያት ሪኬትስ፣ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ፣ ነው፤ ፀሐይ በሞላበት አገራችን ልጅ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ሲውል የሚመጣ።

«ጠና» የሚለውን ቃል ከ«ጤና» ጋር አንድ የሚያደርጉ አጋጥመውኛል። ሥራቸው ይለያያል፤ ጠና ከግእዙ ጸንዐ ነው፣ ጤና ከጥዒና። እንዲያውም «ሕመሙ ጠናበት» ስንል ቃሉ ተገልብጦ የጤና ጠላት ይሆናል። የራስ ቅልም ላይ ይኸው ነው። በሞተር ወድቆ የተመታ ጎልማሳ ከአጥንቱ ሥር ደም ቢፈስ፣ የጠና ቅል አይለጠጥምና ደሙ አንጎሉን ይጫነዋል፣ ሰዓት አይሰጥም። የጨቅላው ልል ራስ ግን ለጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ለጎልማሳው ሄልሜት ነው መልሱ።

ራስ ቀስ ብሎ መጥናቱ የትናንት ነገር አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ቅሪተ አካሏን ያገኛት የጥንተ ሰው ልጅ «ሰላም» ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተች፣ ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ናት። በ2020 የወጣ ጥናት የእሷና የዘመዶቿን የራስ ቅል ውስጡን መርምሮ አንጎላቸው በአደረጃጀቱ የዝንጀሮ ዓይነት ቢሆንም ረጅም ጊዜ ወስዶ ያድግ እንደነበር አሳይቷል። ጉተና የሚያበጥር ሳይኖር፣ ራስ በጊዜው መጥናትን ያውቅ ነበር።

ተረቱን ለማን እንደምትሉት ግን ተጠንቀቁ። ታላቅ ለታናሽ ይለዋል፤ ታናሽ ለታላቅ ካለው ስድብ ነው። በራስ ላይ ሲነገር ደግሞ ያምራል፦ «ምን ላድርግ፣ ራሴ ሳይጠና ጉተና አማረኝ።»

ለእህቴ ልጅ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት የሄድን ቀን እናቴም አብራን ነበረች። ነርሷ የልጁን ራስ በሜትር ለክታ፣ አናቱን በሁለት ጣቷ ዳበስ አደረገች።

«ጠንቷል ወይ ልጄ?» አለች እናቴ።

«ገና ነው እማማ» አለች ነርሷ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈች። «ጊዜ አለው።»