የትል መድኃኒት፦ ከምግብ ጋር ወይስ በባዶ ሆድ?

አንዱ ሐኪም አልቤንዳዞልን «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰድ» ይላል፤ ሌላው ስለ ምግቡ ምንም ሳያነሳ ያልፋል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ትሉ ያለበት ቦታ ነው።

አልቤንዳዞል ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። እንደ ወስፋት አንጀት ውስጥ ለሚኖር ትል ይህ ችግር አይሆንም፤ መድኃኒቱ እዚያው ያገኘዋል። የአሳማ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ሲገባ ግን መድኃኒቱ በደም ተጉዞ መድረስ አለበት። ቅባት ያለው ምግብ ደግሞ ደም ውስጥ የሚገባውን መጠን እስከ 5 እጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ ያ ምግብ እንደ ክኒኑ ሁሉ የሕክምናው አካል ነው።

አይቨርሜክቲን በተባለው ሌላ የትል መድኃኒት ላይ ትእዛዙ ይገለበጣል፦ ብዙውን ጊዜ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ይወሰዳል። ሌላው የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ከምግብ ጋር ነው፤ በጣም ስለሚመር ባይታኘክ ይሻላል።

ከሌላ ሰው የተረፈ ክኒን መውሰድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለአንጀት ትል አንድ ጊዜ የሚወሰድ 400 ሚሊግራም ሊበቃ ይችላል፤ ለአንጎሉ ሕመም ግን ሕክምናው ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል፣ ያለ ሐኪም ክትትልም አይጀመርም። ረጅም ሕክምና ላይ ያለ ሰው የጉበትና የደም ሴል ምርመራ ያስፈልገዋል። ደህና ነኝ ብሎ ምርመራውን መዝለል ስህተት ነው፤ የደም ሴል መቀነስ ሳይታወቅ ሊጀምር ይችላል። እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ደግሞ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ አልቤንዳዞል ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።